ስኳር አትጨምሪ፣ መጀመሪያ ጠርሙስሽን እዪ

እህቴ ከቡሬ፣ «የ11 ወር ልጄን ተቅማጥ ይዟታል፣ ኦአርኤስ (የተቅማጥ ዱቄቱን) ብበጠብጥላት ጨው ጨው ብሏት ትተፋዋለች፣ ስኳር ልጨምርበት ወይ?» ያልሽውን አየሁ። አትጨምሪ። ያን ያህል ጨው ጨው ካለ ያነሰው ውሃው ነው። በምን እንደበጠበጥሽው ባትጽፊም ገምቻለሁ፤ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ነው። እኔም እንደዚያ ነው ያደረግኩት።

1. የፓኬቱን ጀርባ አንብቢ። ለአንድ ሊትር ይላል። እኔ አላነበብኩትም። ሐምሌ ነው፣ ፍኖተ ሰላም፣ ሌሊት። መብራት የለም፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ልጄን ተቅማጥ ከያዘው ሁለተኛ ቀኑ ነው። እጄ ላይ በመጣው ሃይላንድ ውስጥ ዱቄቱን ገልብጬ ናጥኩት። ወፈር ቢል ኃይል ይሆነዋል ብዬም አስቤያለሁ። ጠዋት ጠዋት ኬሚስትሪ የማስተምር ሰውዬ ነኝ እኮ! ኮንሰንትሬሽን፣ የብጥብጥ ውፍረት ማለት፣ ራሱ አንድ ምዕራፍ ነው።

ልጁ ጠጣ፣ ግን ጥሙ ባሰበት። ጡጦውን እየነጠቀ ያለቅሳል፣ እንባ የለውም። ተቅማጡ ጨመረ። አማቴ «ውሃው ነው የሚያስቀምጠው፣ ከልክሉት» አሉ። ሲነጋ እርግብግቢቱ ጎድጉዷል።

በኋላ ወረቀት አውጥቼ ሠራሁት። በትክክል የተበጠበጠ አንድ ሊትር ኦአርኤስ 75 ሚሊሞል ሶዲየም አለው፤ ሶዲየም የጨው ንጥረ ነገር ነው፣ ሚሊሞል መለኪያው። የኔው ውሃው ግማሽ ስለሆነ በሊትር 150 ሆነ። የጤነኛ ሰው ደም ከ135 እስከ 145 ነው። ከደሙ የበለጠ ጨዋማ ነገር አጠጥቼዋለሁ ማለት ነው። እንዲህ ወፍራም ነገር አንጀት ሲገባ፣ ውሃው ወደ ደም መግባቱ ቀርቶ ከሰውነት ወደ አንጀት ይሳባል። ቋንጣ ጨው ሲነሰነስበት ውሃ እንደሚያወጣው። ስኳርም ሲበዛ ያው ነው። ፓኬቱ ውስጥ ያለው 13.5 ግራም ግሉኮስ ለማጣፈጫ የገባ እንዳይመስልሽ። ሶዲየሙን እጁን ይዞ በአንጀት ግድግዳ የሚያሻግረው እሱ ነው፣ ውሃው ይከተላቸዋል። ተለክቶ ገብቷል፣ አትንኪው። ለስላሳም አትስጫት።

2. ካርድ ክፍል አትከራከሪ፣ ልጅሽን ገልጠሽ አሳዪ። የሄድንበትን ሕክምና ቤት ስም አልጠራም። ካርድ የምታወጣዋ ልጅ ዓይኗ ስልኳ ላይ ነው። «ልጁ እየደከመብኝ ነው» ስላት «ሁሉም ደክሞት ነው የመጣው» አለችኝ። ቀና እንኳን ሳትል! ዛሬም ሳስበው ያቃጥለኛል። ያተረፈን በኮሪደሩ የምታልፍ ነርስ ናት። ትንፋሹን ዓይታ ቆመች። ፈጠን፣ ጠለቅ ያለ ነው፣ የሮጠ ሰው ትንፋሽ።

«በስንት ውሃ በጠበጥክለት?»

ሃይላንዱን አሳየኋት። ጠርሙሱን አየች፣ እኔን አየች።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«አስተማሪ።»

«የምን?»

«የስፖርት» አልኩ።

ስለ ትንፋሹ ያኔ ሳይሆን በኋላ ነው የገባኝ። ተቅማጥ ውሃና ጨው ብቻ አይደለም የሚወስደው፣ ባይካርቦኔትም ይዞ ይወጣል። ባይካርቦኔት የደም ቤዝ ነው፣ አሲድን የሚያበርድ። እሱ ሲጎድል ደም ወደ አሲድ ያዘነብላል። የደም ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ደግሞ ከ7.35 እስከ 7.45 ባለች ጠባብ መንገድ ነው የሚሄደው። ሳንባ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እያስወጣ ሊያካክስ ይሮጣል። ፓኬቱ ውስጥ ያለው ሲትሬት ሰውነት ውስጥ ባይካርቦኔት ይሆናል። ስለዚህ ጎረቤት «ቤኪንግ ሶዳ ጣል አድርጊበት» ብትልሽ እሺ ብለሽ ዝም በያት፣ አትጨምሪ። ለልጄ ግን ሲትሬቱን የሚጠብቅ ጊዜ አልነበረም፣ ሪንገር ላክቴት የሚባል በደም ሥር የሚገባ ፈሳሽ ተሰቀለለት። እኛ የሚሰቀለውን ሁሉ ግሉኮስ ነው የምንለው።

3. ዚንኩን፣ ለተቅማጥ ከኦአርኤስ ጋር የሚሰጠውን ኪኒን፣ እንዳታቋርጪ። ለእሷ ዕድሜ በቀን 20 ሚሊግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን፣ ተቅማጡ ቢቆምም። ሚስቴ በአራተኛው ቀን «ድኗል» ብላ ልታቆም ስትል አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አስተማርኳት። «ሃይላንዱንስ ማን ናጠው?» አለችኝ። ዝም አልኩ።

ተራ ቁጥሩን ትቼዋለሁ። አሁኑኑ ያንን የበጠበጥሽውን ድፊው። አፍልተሽ ያቀዘቀዝሽውን ውሃ በግማሽ ሊትሩ ሃይላንድ ሁለት ጊዜ ለክተሽ ጆግ ውስጥ ጨምሪ፣ አንዱን ፓኬት ሙሉውን በጥብጪ። ዱቄቱን በዓይን ለሁለት አትክፈዪ። ቅመሺው፣ ከእንባ በላይ ጨው ጨው ማለት የለበትም። በሻይ ማንኪያ፣ ቀስ እያልሽ። ካስመለሳት 10 ደቂቃ ጠብቂና እንደገና ጀምሪ። ጡትሽን አትከልክያት። ነገ በዚህ ሰዓት የተረፈውን ድፊ።

ዓይኗ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃታት፣ ከፈዘዘች፣ ደም ካየሽ ወይም ትንፋሿ እንደነገርኩሽ ከሆነ መልሴን አትጠብቂ፣ ሌሊትም ቢሆን ይዘሻት ሂጂ። ካልሆነ ተነሺና ጠርሙሱን እዪው። ስንት ሊትር እንደሚል ጻፊልኝ።