ሼልተር የሚያድር ሰው ደመወዝ
ወንድሜ፣ «ሼልተር (የቤት አልባዎች መጠለያ) የሚያድረውን ጓደኛዬን አሠሪው በሰዓት 5 ዶላር ይከፍለዋል፤ ቤት ለሌለው የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ አይሠራም ይላል» ላልከው፣ ዋሽቶታል። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ሥራህን እንጂ ማደሪያህን አያይም። ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 7.25 ዶላር ነው፤ ብዙ ስቴቶች ደግሞ ከዚያ በላይ ያስከፍላሉ። ከ20 ዓመት በታች ላሉና ጉርሻ ለሚቀበሉ የተለየ ስሌት አለ፤ ለቤት አልባ ግን የለም።

«አበላዋለሁ፣ አስተኛዋለሁ» ቢልስ? በ1985 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አላሞ ፋውንዴሽን በተባለ የሃይማኖት ድርጅት ጉዳይ፣ ለምግብ፣ ለልብስና ለመጠለያ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ጭምር ሲሠሩ የነበሩትን «ሠራተኞች ናቸው» ብሏል። የሚገርመው፣ እነሱ ራሳቸው «በጎ ፈቃደኞች ነን» ይሉ ነበር!

ጓደኛህ የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት በየቀኑ ይመዝግብ፤ ተራ ደብተር ይበቃል። ከዚያ ለፌዴራሉ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የደመወዝና ሰዓት ክፍል (Wage and Hour Division) ያመልክት። እንዳይቆይ ብቻ፤ ወደኋላ የሚጠየቀው አብዛኛውን ጊዜ የ2 ዓመት ነው።