አስጠኚ ከመቅጠርዎ በፊት አንድ አንቀጽ ታንብብልዎ

ጥያቄ፦ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጄ በመንግሥት ትምህርት ቤት 4ኛ ክፍል ትማራለች። እስከ 2ኛ ክፍል ደብተሯን ማየት ሳያስፈልገኝ ጥሩ ውጤት ታመጣ ነበር፤ ዘንድሮ ግን በአካባቢ ሳይንስ ወርዳለች፣ በሒሳብም መደመርና ማባዛቱን እየቻለች በዓረፍተ ነገር የቀረቡትን ጥያቄዎች ትስታለች። በዚህ ዕድሜ ምን ማወቅ ይጠበቅባታል? ለየትምህርቱ አስጠኚ ልቅጠር ወይ?

መልስ፦ አስጠኚውን ለጊዜው ያቆዩት። የጠቀሷቸው ሁለት ድክመቶች ከአንድ ምንጭ የመጡ ይመስለኛል፤ እርሱም ንባብ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የልጅ ትልቁ ሥራ 33ቱን ፊደላት ከነሰባት ድምፃቸው ለይቶ ማወቅ ነው። ከ3ኛ ክፍል ወዲህ ግን መጻሕፍቱ ልጅቷ ማንበብ እንደቻለች ቆጥረው ስለ አፈር፣ ስለ ውኃና ስለ ምግብ ይነግሯታል። ጽሑፋችን የሚጠብቀውን ድምፅ ከሚላላው የሚለይ ምልክት ስለሌለው፣ «ገና» በዓሉ ይሁን «ገና አልመጣም» የሚባለው፣ «አለ»ም ተናገረ ማለት ይሁን መኖርን የሚያመለክት፣ የሚታወቀው ከዓረፍተ ነገሩ ነው። ቃል በቃል እየለቀመች የምታነብ ልጅ ደግሞ መጨረሻው ላይ ስትደርስ መጀመሪያው ይጠፋባታል።

ዛሬ ማታ ከአካባቢ ሳይንስ መጽሐፏ አንድ አንቀጽ ድምፅ አውጥታ ታንብብልዎ፤ ከዚያ መጽሐፉን ዘግተው በራሷ አነጋገር እንድትነግርዎ ይጠይቋት። ቀጥሎም ይህችን ሒሳብ ይስጧት፦ «አንዲት ልጅ 60 ብር አላት፤ ገንዘቧ ከወንድሟ ገንዘብ በ15 ብር ይበልጣል፤ ወንድሟ ስንት ብር አለው?» 75 ብላ ከመለሰች መቀነስ አቅቷት አይደለም፤ «ይበልጣል» የምትለውን ቃል እንዳየች ደምራ ነው።

በዚህ ዕድሜ በሒሳብ ከማባዛትና ከማካፈል ሌላ ክፍልፋይ የሚጠነክርበት ጊዜ ነው። ሲሶና ሩብ የትኛው ይበልጣል ቢባሉ ብዙ ልጆች 4 ከ3 ስለሚበልጥ ሩብን ይመርጣሉ፤ ድፎ ዳቦ አንዴ ለሦስት፣ አንዴ ለአራት ሲቆረስ በዓይኗ ያየች ልጅ ግን አትሳሳትም። በአካባቢ ሳይንስ የቅርብዎ የአቃቂ ወንዝ ከየትኛውም ሥዕል ይበልጣል። ከእንጦጦ በኩል ወርዶ አባ ሳሙኤል ግድብ እንደሚገባ፣ ከዚያም አዋሽን እንደሚቀላቀል፣ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ ወደ አፋር ወርዶ እንደሚቀር በካርታ ላይ በጣቷ ትከተል፤ ከላይ የተጣለ ቆሻሻ ከታች አትክልት የሚያጠጣውን ገበሬ ለምን እንደሚመለከተው ካስረዳችዎ ትምህርቱ ገብቷታል። በእንግሊዝኛ አጫጭር ዓረፍተ ነገር ማንበብና መጻፍ ለአሁኑ ይበቃታል፤ ነገር ግን ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ሌሎቹም ትምህርቶች በእንግሊዝኛ ስለሚሰጡ ችላ አይበሉት። ግብረ ገብን፣ ሥዕልና ሙዚቃን፣ ሰውነት ማጎልመሻን ወላጅ ብዙም አይጠይቅባቸውም፤ እኔ ግን ሥዕል የምትወድ ልጅ ካርታ ለማንበብ እንደማትቸገር ደጋግሜ አይቻለሁ።

በየምሽቱ ሩብ ሰዓት ያህል ካነበበችልዎና በሁለት ወር ውስጥ ለውጥ ካላዩ፣ ያን ጊዜ አንድ አስጠኚ ለንባብ ብቻ ይቅጠሩ። ከዚያ በፊት ግን ከሰሌዳው ስትገለብጥ ዓይኗን እንደምታጨነቁር መምህሯን ይጠይቁና፣ እንደዚያ ከሆነ ዓይኗን ያስመርምሯት።