«ሳንካራ መጣ» የተባለው ልብስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪ ነኝ። ከቅኝ ግዛት ስለወጡ የአፍሪካ አገሮች በክፍል ስንከራከር ጓደኞቼ «የአእምሮ ነፃነት የጠገበ ሰው ወሬ ነው፤ መጀመሪያ ኢኮኖሚው ይቅና» አሉኝ። እኔ ደግሞ አእምሮው ነፃ ያልወጣ ሕዝብ ኢኮኖሚውንም አያቀናም ባይ ነኝ። ቡርኪና ፋሶን በምሳሌነት ወስጄ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ልጄ፣ እናንተ ሁለቱን ነጥላችሁ የትኛው ይቅደም ማለታችሁ አልተዋጠልኝም። ቡርኪና ፋሶን መምረጥህ ግን ደስ አሰኝቶኛል፤ የጠየቅኸው ነገር እዚያ በእጅ የሚዳሰስ ነበርና።

አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1960 ከፈረንሳይ አገዛዝ ወጣች። ጥጥ አብቃይ ናት፤ አብዛኛው ጥጧ ግን ሳይፈተል ወደ ውጭ ይጫናል። ቶማስ ሳንካራ በ1983 ሥልጣን ሲይዝ ይህ ነገር አንገበገበው። ፋሶ ዳን ፋኒ የሚባል የእጅ ሽመና አላቸው፤ በጠባብ በጠባቡ እየተሸመነ ጎን ለጎን የሚሰፋ የጥጥ ጨርቅ ነው። የመንግሥት ሠራተኛው እንዲለብሰው አዘዘ። ጁላይ 29 ቀን 1987 አዲስ አበባ ላይ፣ በአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ ስለ ዕዳ ሲናገር፣ እሱና ልዑካኑ የለበሱት በአገራቸው ሸማኔዎች የተሠራ መሆኑን፣ አንዲት ክር እንኳ ከአውሮፓ ወይም ከአሜሪካ እንዳልመጣች ለመሪዎቹ ነገራቸው። ሦስት ወር ሳይሞላ በመፈንቅለ መንግሥት ተገደለ።

ንግግሩን ሁሉም ያነሳዋል። አንተ በቅርብ እንድታየው የምፈልገው በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ውስጥ የሆነውን ነው። ፋሶ ዳን ፋኒውን ቢሮ ውስጥ ሰቅለው የሚያስቀምጡ ሠራተኞች ነበሩ፤ ሳንካራ ድንገት ሊጎበኝ መሆኑ ሲሰማ ፈጥነው ያጠልቁታል። ልብሱም «ሳንካራ መጣ» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት። ቅኝ ገዥው ከሄደ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ሠራተኛው ግን አሁንም ልብሱን የሚመርጠው የሚያየው አለቃ ማን እንደሆነ አስቦ ነው። ይህ ሰው ጌታ ለወጠ እንጂ ነፃ አልወጣም።

ትእዛዙ ከንቱ ነበር ማለቴ አይደለም። ለሸማኔው ገበያ ከፈተለት፤ ብዙ ሴቶችም በሽመና መተዳደሪያ አገኙ። ድሯን አድርታ፣ ማጓን ወርውራ፣ የሠራችውን ጨርቅ በጣቷ ዳስሳ «ይህ ላልቷል፣ ይህ ጥብቅ ነው» ብላ ዋጋ የምትቆርጥ ሴት ስለ ነፃነት ንግግር የሚያደርግላት አያስፈልጋትም። የሥራዋን ጥሩና መጥፎ የምትፈርደው ራሷ ናት። እኔ የአእምሮ ነፃነት የምለው ይህን ፍርድ ነው። ሴትየዋ ጋ ደግሞ ከገቢዋ ተለይቶ የመጣ አይደለም፤ ጓደኞችህን በዚህ ሞግታቸው።

ራስን መቻል በር መዝጋት እንዳይመስልህም። በ1984 መጨረሻ በሁለት ሳምንት ገደማ ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ሕፃናት ሲከተቡ ክትባቱ የመጣው ከውጭ ነው። ይህን ያህል ሕፃን በዚህ ፍጥነት እንዲከተብ የወሰነውና ሕዝቡን መንደር ለመንደር ያንቀሳቀሰው ግን አገሬው ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ ዕድሜዬን በመምህርነት ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ያመኛል። በዚያው በ1984 የሥራ ማቆም አድማ የመቱ ከ1,000 በላይ መምህራን ተባረሩ፤ ክፍሎቹ በጥድፊያ ለሠለጠኑ ሰዎች ተሰጡ። ሕዝቡ በራሱ እንዲያስብ እፈልጋለሁ የሚል መንግሥት ማሰብ የሚያስተምሩትን ሰዎች ስለተቃወሙት ሲያባርር፣ የራሱን ዓላማ ከሥሩ ይቆርጣል። ምንም ምክንያት አያቀልለውም። የሳንካራ አድናቂዎች ብዙ ጊዜ ይዘሉታል፤ አንተ አትዝለለው።

ጓደኞችህ እውነት ያላቸው ገንዘቡ ላይ ነው። ቡርኪና ፋሶ የምትገበያይበትን የሴፋ ፍራንክ የሚባለውን ገንዘብ ፈረንሳይ በ1945 ለአፍሪካ ቅኝ ግዛቶቿ ፈጠረችው፤ ምንዛሪውም ከፈረንሳይ ፍራንክ ጋር የታሰረ ነበር። ሳንካራም ቢሆን አገሩን ከዚያ ሳያወጣ ሞተ። ጃንዋሪ 1994 ላይ ዋጋው በአንድ ጊዜ በግማሽ ወረደ፤ በ50 ሴፋ ይገዛ የነበረው አንድ የፈረንሳይ ፍራንክ 100 ሴፋ ገባ። ሸማኔዋ የቱንም ያህል በራሷ ብትተማመን፣ ከውጭ የሚመጣው መድኃኒት በአንድ ጊዜ ተወደደባት፤ በውሳኔው ላይም የጠየቃት የለም።

ስለዚህ ጽሑፍህን በ1987ቱ ንግግር ብቻ አትገንባው። የ1994ቱን ውሳኔ አጠገቡ አስቀምጥና ማን ወሰነ፣ ከማን ጋር ተመከረ፣ ማን ተጎዳ፣ ማንስ ተጠቀመ ብለህ ተከተለው። ጥጡን ለውጭ የሚሸጠው ገበሬና ከውጭ የሚገዛው ከተሜ እኩል አልተነኩምና ሁለቱን ለያይተህ ጻፋቸው። ረቂቁን ስትጨርስ ላክልኝ፤ አነበዋለሁ።