ልጄን «ቻይው» ልበላት?

ጥያቄ፦ ልጄ አሜሪካ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ የሁለተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ናት። ጎንደር ሳለች ጠይም እንጂ ጥቁር ተብላ አታውቅም ነበር። አሁን በቤተ ሙከራ ተማሪዎች በቡድን ሲከፋፈሉ ብቻዋን ትቀራለች፤ አንድ የክፍሏ ተማሪም የቆዳዋን ቀለም እያነሣ ደጋግሞ ሰድቧታል። አባቷ «የሄድሽው ለትምህርት ነው፣ ቻይው» ይላታል። እኔ ግን በስልክ ድምፅዋ እየደከመ ሲሄድ እሰማለሁ። እዚያ አገር የሚቆምላት አካል አለ? አቤት ብትልስ ቪዛዋ ይበላሽባት ይሆን?
እናት፣ ከአዘዞ

መልስ፦ የተከበሩ እናታችን፣ የባለቤትዎ ምክር ለልጃቸው ከማሰብ የመጣ መሆኑን አልጠራጠርም፤ ሆኖም በዚህ ጉዳይ ከእርሳቸው ጋር አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ ስድስተኛ ክፍል፣ ከፌዴራሉ መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ማንኛውም ኮሌጅ በዘር፣ በቀለም ወይም በትውልድ አገር ምክንያት መድልዎ እንዳይፈጽም ይከለክላል። ጥበቃው ለዜጎች ብቻ የተሰጠ አይደለም፤ አቤቱታ ያቀረበን ሰው መበቀልም ክልክል ነው።

ስለዚህ አቤት ማለቷ በራሱ የተማሪ ቪዛ የሚያሳጣ ጥፋት አይደለም። እኔን የሚያሰጋኝ ሌላ ነው፦ ልጅዎ ከሐዘን ብዛት አንድ ሁለት ኮርስ አቋርጣ ከሙሉ ጊዜ ተማሪነት ብትወርድ፣ የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ አስቀድሞ ካልፈቀደላት በቀር፣ በአገሪቱ የመቆየት መብቷ ሊነካ ይችላል። ኮርስ ለማቋረጥ ካሰበች መጀመሪያ ወደዚያ ቢሮ ትሂድ።

የደረሰባትን ሁሉ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተነገራትን ቃል እንዳለ፣ የሰማውንም ሰው ጨምራ ትጻፍ፤ ከዚያም ለመምህሯና ለተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊው በኢሜይል ታመልክት። በቃል የተነገረ አቤቱታ በቀላሉ ይረሳል። ኮሌጁ ቸል ካለ፣ ድርጊቱ በተፈጸመ በ180 ቀናት ውስጥ ለፌዴራሉ የትምህርት መሥሪያ ቤት የሲቪል መብቶች ቢሮ ያለ ክፍያ ማመልከት ትችላለች።

እንዲህ ያሉ ተማሪዎችን ለመደገፍ የተቋቋሙ ቢሮዎች በአንዳንድ ግዛቶች ተዘግተዋል፤ ለምሳሌ ቴክሳስ እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ጀምሮ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿ ከልክላቸዋለች። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም በየኮሌጁ የተገኘው ድጋፍ ተማሪዎች ታግለው ያመጡት ነው። የሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ኮሌጅ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1968 ጀምረው ለወራት ትምህርት በማቆማቸው ነው በዓመቱ የጥቁሮችንና የሌሎች ሕዝቦችን ታሪክ የሚያስተምር ኮሌጅ በዚያው ተቋም ውስጥ የተከፈተው። ቢሮ ቢዘጋም የ1964ቱ ሕግ አልተሻረም።

ከሕጉ ባልተናነሰ ሰው ያስፈልጋታል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከሩቅ የሚመጡ ተማሪዎችን ከከተማችን ነዋሪዎች ጋር በቃል ኪዳን ቤተሰብነት ሲያስተሳስር፣ ተማሪው በበዓል ቀን የሚጠራበት፣ ሲከፋውም የሚሄድበት ቤት እንዲኖረው ነው። ልጅዎም እንዲህ ያለ ቤት በጥቁር ወይም በአፍሪካውያን ተማሪዎች ማኅበር፣ በአካባቢው ባለ የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ትፈልግ። የኮሌጁን የሥነ ልቦና አማካሪ ማየትም ነውር አይደለም።

ወደ ሌላ ኮሌጅ መዛወር ከፈለገች፣ ኢትዮጵያዊው ሐኪም ዶክተር መላኩ በያን እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሕክምና የተማሩበት የዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1867 የተመሠረተ ታሪካዊ የጥቁሮች ተቋም ነው፤ ውሳኔው ግን የራሷ ይሁን። እርስዎ በሚቀጥለው ስልክ ምን እንደተባለች፣ መቼና ማን ፊት እንደሆነ ቀስ ብለው ይጠይቋት፤ የምትነግርዎትንም ከነቀኑ በደብተር ይያዙላት።