ስንት ነጥብ ጎደለኝ?

ባለፈው ሰሞን እሑድ ከሰዓት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ቤት መጣ። አሁን እሱም አስተማሪ ነው፤ ረዳት ፕሮፌሰር ሆኗል። ሰላምታው ገና ሳያልቅ ከቦርሳው ወፍራም ክላሰር አወጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ባለቤቴ የቡናውን ስኒ የምታስቀምጥበት ቦታ አጣች።

«ጋሼ፣ ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት ስንት ነጥብ ጎደለኝ?» አለኝ።

ይህን ጥያቄ ብዙ ወጣት ጠይቆኛል። ለዓመታት የማዕረግ ዕድገት ኮሚቴ ውስጥ ስለተቀመጥኩ ሰው እንደ ካልኩሌተር ያየኛል። ለእሱ የነገርኩትን ለእናንተም፣ በየዩኒቨርሲቲው አዲስ ለተቀጠራችሁ መምህራን፣ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሕጉን ራሳችሁ አንብቡ። የዩኒቨርሲቲያችሁ መተዳደሪያ ደንብ፣ የሴኔት ሌጂስሌሽን የሚባለው ውስጥ አለላችሁ። በየማዕረጉ ስንት ዓመት እንደሚያስፈልግ፣ ማስተማር፣ ምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት ምን ያህል እንደሚመዘኑ ተጽፏል። አሠራሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ በየጊዜውም ይሻሻላል። የሚገርመኝ ግን ፒኤችዲውን የጨረሰ ሰው ሕጉን ትቶ ላውንጅ ውስጥ በሰማው ወሬ ሲመራ ነው። «እገሌ በሦስት ፔፐር አለፈ» ይባላል፤ ፔፐር የምንለው መጽሔት ላይ የታተመ ጥናት ነው። እገሌ ከሦስቱ ፔፐር ሌላ ምን እንደነበረው ማንም አያወራም።

ሁለተኛ፣ ወረቀት ሰብስቡ። የኮርስ ምደባ ደብዳቤ፣ የየሴሚስተሩ የተማሪ ግምገማ ውጤት፣ ያማከራችኋቸው ተማሪዎች ዝርዝር፣ ኮሚቴ ውስጥ የሠራችሁበት ደብዳቤ፣ ሁሉንም ኮፒ አድርጋችሁ ቤት አስቀምጡ። የትምህርት ክፍል ኃላፊ ይቀየራል፤ ቢሮ ይዛወራል። የእኔ የሁለት ሴሚስተር ግምገማ እንዲህ ባለ ግርግር ጠፍቶ አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ፋይሌ ቆሟል። በመጨረሻ የተገኘው ፕሪንተሩ ሥር ካለ ካርቶን ውስጥ ነው።

ይሄ ቀላሉ ነው። ወደ ክላሰሩ ልመለስ።

ስድስት ፔፐር ነበረው። ሁለቱን ሳይ ዓይኔ ቆመ። የመጽሔቶቹ ስም «ኢንተርናሽናል» የሚል አለው፤ «አድቫንስድ» የሚልም አለው። የምን ሙያ መጽሔት እንደሆኑ ግን ከስማቸው አይታወቅም። ጽሑፉ የተላከበትንና ተቀባይነት ያገኘበትን ቀን አየሁ። ልዩነቱ ዘጠኝ ቀን ነው። ዘጠኝ ቀን! አርታኢው ተቀብሎ፣ ሁለት ገምጋሚ ፈልጎ፣ እነሱ አንብበው፣ ልጁ አርሞ፣ ሁሉም በዘጠኝ ቀን። እኔ አንድ ፔፐር ገምግሞ ለመመለስ ወር ይፈጅብኛል፤ ጡረታ ወጥቼም።

«ስንት ከፈልክ?» አልኩት።

«መቶ ሃምሳ ዶላር።»

«ዶላሩን ከየት አመጣኸው?»

አንገቱን ደፋ። «እህቴ ናት ከአሜሪካ የከፈለችልኝ።»

እህቱ ሜሪላንድ ሆና ደብል እየሠራች ነው የምትኖረው። አሳዘነኝ።

ልብ በሉ፣ ክፍያ መጠየቅ ብቻውን ነውር አይደለም። ለአንባቢ በነፃ የሚከፈቱ ብዙ ጥሩ መጽሔቶች ከጸሐፊው ያስከፍላሉ። ነውሩ ገንዘቡን ተቀብሎ ሳይገመግሙ ማተም ነው። የአርታኢዎቹን ስም ፈልጉ፤ ሰዎቹ በእርግጥ አሉ ወይ? የድሮ እትሞቹን ከፍታችሁ ሁለት ሦስት ጽሑፍ አንብቡ። አንብባችሁ ካፈራችሁ የእናንተንም አትላኩ። ደግሞ «የአገር ውስጥ መጽሔት ዋጋ የለውም» የሚለውን ወሬ ተዉት። ኢትዮጵያን ሜዲካል ጆርናል ከ1962፣ ጆርናል ኦፍ ኢትዮጵያን ስተዲስ ከ1963፣ የሳይንሱ መጽሔት ሲኔት ደግሞ ከ1978 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ ነው መውጣት የጀመሩት። እነሱ ጋ ሪጀክት መደረግ ከዘጠኝ ቀኑ መጽሔት ተቀባይነት ይበልጣል። ቢያንስ የሚያርም ሰው አንብቦላችኋል።

ማወቅ ያለባችሁ ሌላ ነገር አለ። ለተባባሪ ፕሮፌሰርነትና ለሙሉ ፕሮፌሰርነት ሥራችሁ ከዩኒቨርሲቲያችሁ ውጭ ወዳሉ ገምጋሚዎች ይላካል። ሙሉ ፕሮፌሰርነት ሲሆን ደግሞ ከሴኔት አልፎ ቦርድ ድረስ ይሄዳል። እኔ ራሴ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚመጡ ፋይሎችን ገምግሜያለሁ። ሃያ ፔፐር የያዘ ሰው ይመጣል። ሃያውም አንድ ጥናት ሃያ ቦታ የተቆራረጠ ነው፤ አካባቢው ሲቀየር ርዕሱ ይቀየራል፣ ሌላው ያው። አራት ይዞ የመጣ ሰው ደግሞ አለ፤ አንዱን አንብቤ እኔም ከማስተምረው ኮርስ ላይ አንድ ምዕራፍ ቀይሬያለሁ። የትኛውን ደግፌ እንደጻፍኩ መገመት አያቅታችሁም።

ወጣቶቹ ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ ሌላው ነገር ቴኑር ነው፤ መምህሩ የሙከራ ጊዜውን ሲያልፍ የሚያገኘው የቋሚነት ዋስትና። አሜሪካ ያሉ ጓደኞቻቸው ሲያወሩ ይሰማሉ። እዚያ የፕሮፌሰሮች ማኅበር በ1915 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ። በ1940 ደግሞ ከኮሌጆች ማኅበር ጋር ባወጡት የጋራ መግለጫ የሙከራው ጊዜ ከሰባት ዓመት እንዳይበልጥ ተስማሙ። ብዙውን ጊዜ መምህሩ በስድስተኛው ዓመት ፋይሉን ያስገባል። ካለፈ ያለ በቂ ምክንያት አይባረርም፤ ካላለፈ አንድ ዓመት ይሰጠውና ዕቃውን ይሸክፋል። ጨካኝ ነው። ዓላማው ግን መምህሩ ያመነበትን ሲናገር እንጀራው እንዳይነካ ነው።

እኛ ጋ ማዕረግ ደመወዝና ክብር ይጨምራል እንጂ ጋሻ አይሆንም። በ1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ መምህራን በአንድ ጊዜ ሲሰናበቱ ከመካከላቸው እንደ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ያሉ የማዕረጉ ጫፍ የደረሱ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ «ፕሮፌሰር ልሁን እንጂ ከዚያ በኋላ እናገራለሁ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ዝም እላለሁ።

አሁን ወደማልወደው ነገር ልግባ።

ተባባሪ ፕሮፌሰር የሆንኩት በአራት ፔፐር ነው። ከአራቱ አንዱ የአንድ ተማሪዬ የማስተርስ ቴሲስ ነበር። መረጃውን የሰበሰበችው እሷ ናት፤ ክረምት ላይ ጭቃ እየረገጠች ከቀበሌ ቀበሌ ዞራ። እኔ እንግሊዝኛውን አቃናሁ፣ መግቢያውን ጻፍኩ። ሲታተም የእኔ ስም መጀመሪያ፣ የእሷ ሁለተኛ ሆነ። ማንም አልተቃወመም፤ ልማዱ ነበር። እሷም «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አለችኝ። የቀዳሚ ጸሐፊ ነጥብ ከፍ ስለሚል ያቺ ፔፐር ነች ያሻገረችኝ።

የሕክምና መጽሔት አርታኢዎች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ጸሐፊ የሚባለው ማን እንደሆነ በግልጽ አስቀምጧል። ለሥራው ጉልህ አስተዋፅኦ ያደረገ፣ በመጻፉ ወይም በማረሙ የተሳተፈ፣ የመጨረሻውን ቅጂ ያጸደቀ፣ ለይዘቱም ተጠያቂ የሚሆን ነው። ማማከር ብቻ ወይም ገንዘብ ማምጣት ብቻ አይበቃም። ቅደም ተከተሉን ጸሐፊዎቹ ራሳቸው አብረው ይወስኑ ይላል። እኛ አብረን አልወሰንንም። እኔ ወሰንኩ፣ እሷ አመሰገነችኝ።

ይህን ስነግረው ልጁ ዝም አለ። ከዚያ ክላሰሩን ወደ ራሱ ሳበና አራተኛዋን ፔፐር ገለጠ።

«ይቺኛዋ የተማሪዬ ቴሲስ ናት» አለኝ።

«ስሟ ስንተኛ ነው?»

«ሦስተኛ። ሁለተኛው ዲናችን ነው።»

ዲኑ ምን እንደሠራ አልጠየቅኩትም። ቡናችንን ጠጣን። ትንሽ ቆይቶ ከታተመ በኋላ ማስተካከል ይቻል እንደሆነ ጠየቀኝ። ይቻላል። ለአርታኢው ይጻፋል፤ የሁሉም ጸሐፊዎች ስምምነት ይያያዛል፤ መጽሔቱ ማረሚያ ያወጣል። ዲኑ እንዲፈርም ማግባባት እንዴት እንደሚሆንለት ግን እኔም መላ የለኝም።

«እርስዎስ አስተካከሉት?» አለኝ፣ ክላሰሩን ቦርሳው ውስጥ እየከተተ።

ላስተካክል ባሰብኩበት ጊዜ መጽሔቱ መታተም ካቆመ ቆይቶ ነበር።