ቤተሰብ ይዛችሁ ስቶክሆልም ለገባችሁ፦ ለላካችሁልኝ ጥያቄዎች መልስ

ስቶክሆልም ከገባሁ 13 ዓመት ሆነኝ። ሁለት ልጆች በእጄ ይዤ መጣሁ፤ ሦስተኛዋን እዚሁ ወለድኩ። ላለፉት 8 ዓመታት የምሠራው በመዋዕለ ሕፃናት ስለሆነ የልጆችን ነገር በእናት ዓይንም በሠራተኛ ዓይንም አየዋለሁ። ቤተሰብ ይዛችሁ በቅርቡ የገባችሁ ወገኖች የሚያስጨንቃችሁን እንድትጽፉልኝ ጠይቄ ነበር። ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቻችሁን የሚነኩትን መርጫለሁ።

ባለቤቴና ሁለት ልጆቼ ባለፈው ሳምንት ገቡ። ከምን እንጀምር?

ወንድሜ፣ እንኳን ለመገናኘት አበቃችሁ። ከሁሉ በፊት ወደ ግብር መሥሪያ ቤቱ ሄዳችሁ ተመዝገቡ። ልጆቹም አብረው በአካል ይቅረቡ፤ የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀቶቻችሁን ዋናውን ያዙ። ቢያንስ አንድ ዓመት ለመኖር የመጣ ሰው የሚሰጠው የግል መለያ ቁጥር፣ ሁላችንም «ፐርሶን ኑመር» የምንለው፣ ሌላውን በር ሁሉ ይከፍታል። የባንክ ሂሳቡም፣ የልጆች አበሉም፣ ነፃው የስዊድንኛ ትምህርትም ከእርሱ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

አንድ ነገር ግን አደራ እልሃለሁ። ቁጥሩ የሚጀምረው በትውልድ ቀን ነው፤ አንዴ ከተመዘገበ ማስቀየሩ እጅግ አድካሚ ነው። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት የልጆቹ ልደት በትክክል ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መዞሩን ራስህ አረጋግጥ። ብዙ ሰው ዓመቱ ላይ 8 ደምሮ ይተወዋል። ታኅሣሥ 20 ቀን 2010 የተወለደ ልጅ በፈረንጅ ታኅሣሥ 29 ቀን 2017 ነው የተወለደው። ስምንት ደምረህ 2018 ካልክ ልጁ በወረቀት አንድ ዓመት ሊያንስ ምንም አይቀረውም። እዚህ ደግሞ ልጆች ክፍል የሚመደቡት በተወለዱበት ዓመት ነው፤ በዚያች ስህተት ምክንያት ከእኩዮቹ ወደኋላ የቀረ ልጅ አውቃለሁ።

ሌላው የስም ነገር ነው። በእኛ ልማድ አባት፣ እናትና ልጅ የሦስት የተለያዩ ሰዎችን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይዘው ይገኛሉ። ይህ ለስዊድናውያን እንግዳ ነው፤ ትምህርት ቤት «የእርስዎ ልጅ ነው?» ተብለህ ብትጠየቅ አትከፋ። የልጁ መጠሪያ የአንተ የራስህ ስም መሆኑን በእርጋታ አስረዳ። የልደት ወረቀቱን ቅጂ ደግሞ ከቦርሳህ አትለይ።

የልጆች አበል ስንት ነው? ማመልከትስ ያስፈልጋል?

ለአንድ ልጅ በወር 1250 ክሮነር ነው። ሁለት ሲሆኑ 150 ክሮነር ይጨመራል፤ ከዚያ በላይ ሲሆኑ ጭማሪው ከፍ ይላል። እዚህ ለተወለደ ልጅ በራሱ ይመጣል፤ ከውጭ ለገቡ ልጆች ግን ለማኅበራዊ መድን መሥሪያ ቤቱ ራሳችሁ አመልክቱ።

የሦስት ዓመት ልጃችን መዋዕለ ሕፃናት ጀምሯል። ሁልጊዜ እያለቀሰ ነው። በዚያ ላይ በዝናብ ሜዳ ላይ ያስወጡታል። ይህ ጭካኔ አይደለም?

እህቴ፣ ልጅሽን ዝናብ ላይ ስታዪው አንጀትሽ እንደሚላወስ ይገባኛል፤ እኔም አልቅሻለሁ። ጭካኔ ግን አይደለም። እዚህ ልጆች በዝናብም በበረዶም በየቀኑ ውጭ ይጫወታሉ፤ ጨቅላዎች እንኳ በጋሪያቸው ተጠቅልለው ደጅ ይተኛሉ። ልጁን የሚጎዳው ውጭ መውጣቱ ሳይሆን ያለበቂ ልብስ መውጣቱ ነው። ከሰውነቱ ጋር የሚነካካው ልብስ ሱፍ ይሁን፤ ጥጥ አንዴ ከረጠበ ብርዱን ይዞ ይቀራል። ከላይ ውኃ የማያስገባ ሱሪና ጃኬት፣ ሁለት ጥንድ ጓንት፣ ሙሉ ቅያሪ። በሁሉም ላይ ስሙን ጻፊበት። አዲስ መግዛት አያስፈልግም፤ ልጅ ቶሎ ስለሚያድግ ያገለገለ ልብስ የሚሸጡ ሱቆች ውስጥ በደህና ሁኔታ ያለ በርካሽ ታገኛለሽ።

ወደ ለቅሶው ልምጣ። መጀመሪያ ላይ ወላጅ አብሮ እየዋለ ልጁን የሚያለማምድበት ጊዜ አለ፤ እንደ ቤቱ አንድም ሁለትም ሳምንት ይሆናል። የእኛ ወላጆች ሥራ እንዳያመልጣቸው ያሳጥሩታል። በሥራዬ ደጋግሜ ያየሁት ነው፤ ያ የተቆረጠ ሳምንት በኋላ በወራት ለቅሶ ይከፈላል። አሁንም አልረፈደም፤ ሠራተኞቹን አነጋግረሽ ጥቂት ቀን አብረሽው ዋዪ። ስትለዪው ደግሞ «ያቻት ወፍ!» ብለሽ አዘናግተሽ እንዳትጠፊ። እኛ ያደግነው እንዲያ ነው፤ ልጁ ግን ከዚያ በኋላ ዓይኑን ካንቺ ላይ ለማንሳት ይፈራል። ስመሽው፣ መቼ እንደምትመለሺ በሚገባው ቋንቋ ንገሪው፤ «ከምሳ በኋላ ስትነቃ» እንደማለት። ከዚያ ቃልሽን ጠብቂ። ከአስተማሪዎቹ አንዷ «እማዬ»፣ «ውኃ»፣ «ሽንት» የሚሉትን ቃላት በአማርኛ እንድትይዝ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ስጫት። እንዲህ ዓይነት ወረቀት ከወላጅ ሲደርሰን እኛ ሠራተኞቹ ምን ያህል ደስ እንደሚለን ብታውቂ!

የ10 ዓመት ልጄን ስቆጣው «ፖሊስ እጠራለሁ» አለኝ። ልጆች ይነጥቃሉ ሲባል ስለሰማሁ ፈርቼ ዝም አልኩ። ምን ላድርግ?

ይህን ጥያቄ ከሰባት ሰዎች ተቀብያለሁ፤ ስለዚህ ሳልሸፋፍን እመልሳለሁ። ስዊድን ልጅ መምታትን በሕግ የከለከለችው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1979 ነው፤ ከዓለም አገሮች የመጀመሪያዋ ናት። ሕጉ ዱላን ብቻ አይመለከትም። ቁንጥጫም፣ ጆሮ መጠምዘዝም፣ ልጅን ማዋረድም ክልክል ነው። በርበሬ ማጠን የሚሉትን ነገር በማስፈራሪያነት እንኳ ከአፋችሁ አታውጡት። አስተማሪ ወይም ሐኪም ልጅ እየተጎዳ ነው ብሎ ከጠረጠረ ለማኅበራዊ አገልግሎት የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ እኔም በሥራዬ ይህ ግዴታ አለብኝ። ጥቆማ ሲደርስ ግን የሚመጣው በአብዛኛው የስብሰባ ጥሪ ነው። በዚያ ስብሰባ ላይ ተገኝ፤ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቅ፤ የሆነውን በግልጽ ተናገር። ፈርቶ መቅረት ነገሩን ያከፋዋል።

አሁን ወደ ልጅህ። ልጅህ መብቱን ያወቀው ትምህርት ቤት ነው፤ ማወቁም መልካም ነው። አንተ ዝም ስትል ግን የቤቱ አባት ማን እንደሆነ ግራ ይገባዋል። ከዱላ ውጭ አባትነት የለም ያለህ ማነው? ስሜቱ ሲበርድ ቁጭ አድርገው። «እኔ አልመታህም፤ ይህን ቃል ሰጥቼሃለሁ። ግን በሦስት ሰዓት ስልኩን ታስቀምጣለህ» በለው። ከዚያ በየምሽቱ ያለ ጩኸት ያንኑ አድርግ። እንግዳ ሲመጣ ተነስቶ መቀበልን፣ ለታላቅ ወንበር መልቀቅን ተስፋ ቆርጠህ አትተው። ይህን የሚከለክል ሕግ የለም፤ ስዊድናውያን ጎረቤቶቼም ልጆቼን የሚወዱላቸው በዚህ ነው።

ልጆቼ በአማርኛ ስናገራቸው በስዊድንኛ ይመልሱልኛል። እኔም ቋንቋውን ልለማመድ ብዬ በስዊድንኛ ጀመርኩ። ትክክል ነኝ?

አይደለሽም እህቴ፤ ይህን የምልሽ እኔው የሠራሁት ስህተት ስለሆነ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ከትልቁ ልጄ ጋር በተሰባበረ ስዊድንኛ አወራ ነበር። እርሱ የኔን ስዊድንኛ አልተማረም፤ አማርኛውን ግን አጣ። አንድ ቀን አያቱ በስልክ ስትመርቀው ወደ እኔ ዞሮ «ምን አለች?» ብሎ ጠየቀኝ። ምርቃት መተርጎም ነበረብኝ። ያን ቀን ወሰንኩ።

ስዊድንኛውን ከትምህርት ቤት በሚገባ ይማሩታል፤ ለእርሱ አትጨነቂ። አንቺ በአማርኛ ቀጥዪ። በስዊድንኛ ሲመልሱ አትቆጪ፤ ያሉትን በአማርኛ መልሰሽ በዪውና ወሬውን ቀጥዪ። ከሁሉ በላይ ማንም እንዲስቅባቸው አትፍቀጂ። የኛ ሴት ልጅ ሁልጊዜ «አንቺ» ስትባል ስላደገች አባቷንም «አንቺ» ትለው ነበር። አንድ ዘመድ በሳቅ ፈረሰ፤ ልጅቱ ከዚያ በኋላ ለወራት እንግዳ ፊት አማርኛ አልተነፈሰችም። እኔ ያን ዕለት ዝም በማለቴ ዛሬም ይቆጨኛል።

የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርትም አለ። ቢያንስ ከወላጆች አንዱ በየቀኑ ከልጁ ጋር በቋንቋው የሚነጋገር ከሆነ፣ ልጁም መሠረቱ ካለው፣ በትምህርት ቤቱ በኩል ማመልከት ይቻላል። ማዘጋጃ ቤቱ ትምህርቱን የማዘጋጀት ግዴታ የሚኖርበት ቢያንስ 5 ተማሪዎች ሲገኙና አስተማሪ ሲኖር ነው። ስለዚህ የአካባቢሽን ሐበሻ እናቶች አስተባብሪና አብራችሁ አመልክቱ፤ አምስት ልጅ በሪንከቢም በሁስቢም ሰፈር አይጠፋም። ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ ውጤት የሚሰጥበት ትምህርት ስለሆነ ጊዜ ማባከን አይደለም።

ሐኪም ቤት ልጄ ታስተረጉምልኛለች፤ ጎበዝ ናት።

ጎበዝ መሆኗን አልጠራጠርም። ነገር ግን የ12 ዓመት ልጅ ስለ እናቷ ማሕፀን ወይም ስለ አባቷ ጭንቀት ከሐኪም አፍ ሰምታ መናገር የለባትም። ቀጠሮ ስትይዢ የአማርኛ አስተርጓሚ እንደምትፈልጊ አብረሽ ተናገሪ። ለምክር 1177፣ ለአደጋ ደግሞ 112 ደውዪ። አንቺ ራስሽ ጥቂት ስዊድንኛ እስክትይዢ ድረስ ልጅሽ ልጅ ትሁን።

እንጀራዬ አልቦካ አለ። ቡና ስቆላም ማንቂያው ይጮሃል።

ሊጡን የኤሌክትሪክ ምድጃው ሆድ ውስጥ አስቀምጠሽ መብራቱን ብቻ አብሪ፤ እሳቱን አይደለም። በክረምት አንድ ወይም ሁለት ቀን ጨምሪለት፤ እርሾሽንም ጠብቂ። ቡናውን የጭስ መሳቢያው ሥር፣ መስኮት ከፍተሽ ቁዪ። የማንቂያውን ባትሪ ግን ፈጽሞ እንዳታወጪ፤ ቤቱ ውስጥ ልጆች አሉ።

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ባለቤቴ ሌላ ሰው ትሆንብኛለች። ጨለማው ነው ወይስ ሌላ?

በታኅሣሥ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 2፡40 አካባቢ ነው፤ 9 ሰዓት ሳይሆን ትጠልቃለች። ከ13 ወር ፀጋ ለመጣ ሰው ከባድ ነው። በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ፣ ደመናም ቢሆን፣ ግማሽ ሰዓት ከቤት አውጣት፤ አንተም አብረሃት ሂድ። ለሕፃናት የቪታሚን ዲ ጠብታ በየቀኑ 5 ይሰጣል። ቆዳችን ጠቆር ያለ ስለሆነ ለልጆቻችን ከሁለት ዓመት በኋላም እንዲቀጥል ይመከራል፤ የሕፃናት ጤና ጣቢያዋን ነርስ ጠይቁ። በልጆቹ ካፖርት ላይ አንጸባራቂ አንጠልጥሉ፤ አሽከርካሪ በጨለማ የሚያያቸው በእርሱ ነው። ባለቤትህ መብላትና መነሳት እስክትጠላ ከደረሰች ግን ጨለማ ነው ብለህ አትለፈው፤ ሐኪም ዘንድ ውሰዳት።

ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ሰባተኛ ወር ይዣለሁ። እናቴ ቪዛ ተከለከለች። አራስ ቤቴን ማን ይጠብቃል?

እህቴ፣ መልእክትሽን ሳነብ ልቤ ተነካ። እናትን የሚተካ የለም፤ ባዶ ቤት ግን አይቆይሽም። ባለቤትሽ በወሊዱ ጊዜ 10 ቀን ፈቃድ አለው። ከዚያ ሌላ ለአንድ ልጅ 480 የወላጅ ቀናት አሉ፤ ከነዚህ 90 ቀን ለእናት፣ 90 ቀን ለአባት የማይተላለፍ ነው። ልጁ 15 ወር እስኪሞላው ድረስ ሁለታችሁ በአንድ ጊዜ እስከ 60 ቀን መውሰድ ትችላላችሁ። «ወንድ ልጅ አራስ ቤት ምን ይሠራል?» ብሎ ለሥራው የሚሮጥ ባል ካለሽ ይህን ጽሑፍ አንብቢለት። ገንፎ ማገንፋት ዛሬ ይጀምር፤ ሁለት ወር ለመልመድ በቂ ነው። አጥሚቱንና ቂቤውን እናትሽ በሚመጣ ሰው ትላክልሽ። በቤተ ክርስቲያንሽ ወይም በመስጊድሽ ላሉ እናቶች ከአሁኑ ንገሪ። ሦስተኛዋን ስወልድ ስማቸውን እንኳ የማላውቃቸው ሴቶች ተራ ገብተው 40 ቀን ሙሉ በሬን አንኳኩተዋል፤ አንዳንዶቹ ከኤርትራ ነበሩ፣ አንዷ ሶማሊያዊት ነበረች። በየት ሰፈር እንደምትኖሪ ጻፊልኝ፤ እኔም እመጣለሁ።

ከደሴ ነኝ፤ ልጄ ስቶክሆልም ነው። ስደውል ሥራ ላይ ነኝ ይለኛል። የልጅ ልጆቼ ድምፅ ናፈቀኝ።

እማማ፣ ስለጻፉልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ልጅዎ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ሰዓቱ አይገጥምም። በስዊድን ክረምት፣ ማለትም በእናንተ በጋ፣ እኛ ከእናንተ በሁለት ሰዓት እንዘገያለን፤ በስዊድን በጋ፣ ማለትም በእናንተ ክረምት፣ በአንድ ሰዓት። ቅዳሜ በእርስዎ ሰዓት ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይደውሉ፤ እዚህ ምሳ ተበልቶ ልጆች ቤት የሚሆኑበት ነው። «ደህና ናችሁ? ትምህርት እንዴት ነው?» ብቻ ከሆነ ልጆች ቶሎ ስልኩን ይመልሳሉ። ተረት ይንገሯቸው፤ የጦጣና የአንበሳን፣ የሚያውቁትን ሁሉ። ግማሹን ይንገሩና ቀሪውን ለሚቀጥለው ቅዳሜ ያቆዩት። ይህን ጽሑፍ ለልጅዎ እልከዋለሁ፤ እርስዎ «ተረት ተረት» ሲሉ ልጆቹ «የላም በረት» ብለው እንዲመልሱ ከአሁኑ ያስተምራቸው።