ከአሮጌ ሞረድ ለልጅ የሚሆን የእንጨት መቅረጫ ቢላ

ሰላም ወንድሜ። ለ10 ዓመት ልጅህ ስጦታ የሚሆን የእንጨት መቅረጫ ቢላ ከአሮጌ ሞረድ ይወጣል ወይ፣ እንዳይቆርጠውስ ስለቱን ላደንዝዘው ወይ ብለሃል። ሞረዱ ይሆናል። ማደንዘዙን ግን ተወው። ደነዝ ቢላ እንጨት ስለማይበላ ልጁ በጉልበት ይገፋዋል፤ ሲያመልጠው የሚያርፈው ጣቱ ላይ ነው። ጥንቃቄህን ስለቱን በማሳጠር፣ በእጀታውና በአፎቱ ላይ አውለው።

15 ሳንቲ ሜትር ገደማ የምትሆን ጠፍጣፋ ሞረድ ፈልግ። ትልቁ ወፍራም ስለሆነ ስትፈጭ ትውላለህ፤ ባሌስትራም ለመጥረቢያ እንጂ ለዚህ አይመችም። አንዳንድ ርካሽ ሞረድ ጠንካራው ላዩ ብቻ ነው። ለመለየት ጫፉን ሞርሳ ላይ አስረህ፣ በጨርቅ ሸፍነህና መነጽር አድርገህ በመዶሻ ስበረው። ስባሪውን አግለህ ዘይት ውስጥ ንከርና በተሰበረው ፊት ላይ ሌላ ሞረድ ሂድበት። ካንሸራተተ ጥሩ ብረት ነው፤ ከበላው ሌላ ፈልግ።

ቀጥሎ ብረቱን ማለስለስ ነው። በከሰል እሳት አግለው፤ ማግኔት አልይዝ ሲለው (770 ዲግሪ አካባቢ) ትንሽ ጨምርበትና ደረቅ አመድ ውስጥ ቅበረው። ሲነጋ በሴጌቶ መቆረጥ አለበት፤ ካልተቆረጠ ድገመው።

ልኩ ይህ ነው፦ ስለቱ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 15 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 2.5 ሚሊ ሜትር። ስለቱ ቀጥ ይበልና ጀርባው ወደ ጫፍ ዝቅ ብሎ ይገናኘው፤ ጫፉን ትንሽ አክብበው። እጀታ ውስጥ የሚገባው ጅራት 6 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። ጅራቱ ከስለቱ የሚጀምርበትን ማዕዘን በክብ ሞረድ አለስልሰው፤ ሹል ማዕዘን ከተውክ ብረቱ የሚሰነጠቀው እዚያ ነው። የሞረዱ ጥርስ ጨርሶ ይጥፋ። በዓይን የማይታይ ጭረት እንኳ ዘይት ውስጥ ሲገባ ስንጥቅ ሊጀምርበት ይችላል። ከዚያ ከሁለቱም ወገን 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ተዳፋት አውጣ፤ በድምሩ 23 ዲግሪ ገደማ ይሰጥሃል። ልጁ ይህን ሰፊ ፊት እንጨቱ ላይ አስተኝቶ ስለሚገፋ ማዕዘኑን ቶሎ ይለምዳል። ግን አሁኑኑ አታሹለው። ጠርዙ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር አስቀር፤ የሳሳ ጠርዝ እሳት ላይ ይቃጠላል፣ ይጣመማልም።

ብዙ ሰው የሚበላሽበት ማጠንከሩ ላይ ነው። ሁለት ሊትር የምግብ ዘይት ክዳን ባለው የብረት ጣሳ ውስጥ እስከ 50 ወይም 60 ዲግሪ አሙቅ። ውሃ ቀጭን ስለትን ይሰነጥቃል፤ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ደግሞ ጭሱ መርዝ ነው። ብረቱ ማግኔት መሳብ ካቆመ በኋላ ጥቂት ቆይተህ ቀጥ አድርገህ አስገባው። ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሰው እንጂ ወደ ጎን አታወዛውዘው፣ ይጣመማል። እሳት ከተነሣ ክዳኑን ድፋበት። ሲወጣ ብረቱ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ስለሆነ ሳታሳድር ወደሚቀጥለው ሂድ።

ጠርዙ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት አጽዳና ኦቭን ውስጥ በ220 ዲግሪ ሁለት ጊዜ አንዳንድ ሰዓት አቆየው። ለአዋቂ 200 ይበቃል፤ ልጅ ግን ቢላውን እንጨት ውስጥ ስለሚጠመዝዝ ትንሽ ለስለስ ያለ ስለት ይሻለዋል። ኦቭን ከሌለህ የተሰነጠቀ አሮጌ ምጣድ ላይ አሸዋ አሙቅና ጀርባውን ወደ ታች አድርገህ አስቀምጠው። (የቤቱን ምጣድ አትንካ፣ ጠብ ትገባለህ።) የገለባ ቢጫ ሲሆን አውጣው። ጠርዙ ሰማያዊ ከሆነ ከልክ በላይ ለስልሷል፤ እንደገና ማጠንከር ነው።

እጀታውን ለልጅ ነው ብለህ አታሳንሰው። ርዝመቱ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 27፣ ውፍረቱ 20 ሚሊ ሜትር፣ ቅርጹ እንደ እንቁላል ይሁን። ክብ እጀታ እጅ ውስጥ ስለሚዞር ልጁ ስለቱ ወዴት እንደዞረ አያውቅም። የጣት ጉድጓድ አታውጣ፣ እጁ ያድጋል፤ ከፊት ለፊት 4 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ያለ እብጠት ግን ጣቱ ወደ ስለቱ እንዳይንሸራተት ይከላከላል። እንጨቱ በደንብ የደረቀ ወይራ ቢሆን ጥሩ ነው፤ እርጥቡ ይሰነጠቃል። ቀዳዳውን ብስና ጅራቱን አሻክረህ በአልኮል ጠርገህ በኢፖክሲ አጣብቅ፤ ማሸጊያው ላይ 5 ደቂቃ ቢልም አንድ ቀን ተወው። በተልባ ዘይት ሦስት ጊዜ በስሱ ቀባ፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ ጥረግ። የጠረግክበትን ጨርቅ ጨብጠህ አትጣለው፤ ራሱን በራሱ ሊያቃጥል ስለሚችል ውጭ ዘርግተህ አድርቀው።

ስለቱን በ1000 ቁጥር ድንጋይ ስለህ በቆዳ አስተካክለው። እርጥብ የዋንዛ ቅርንጫፍ ላይ ሞክረው፤ የተቆረጠው ፊት ካብለጨለጨ ደርሷል። ልጁንም በዚሁ አስጀምረው፤ ደረቅ ባሕር ዛፍ ለጀማሪ አይሆንም።

አፎቱን ከ3 ሚሊ ሜትር የበሬ ቆዳ ስፋ። በስለቱ በኩል በሁለቱ ቆዳዎች መካከል ሌላ ቀጭን የቆዳ ቁራጭ አስገብተህ አብረህ ስፋው፤ ያለዚያ ስለቱ ስፌቱን ይበጥሰዋል። ለረጅም ጊዜ ካልተጠቀመበት ግን ቢላውን ከአፎቱ አውጥተህ ዘይት ቀብተህ አስቀምጥለት፤ ቆዳ እርጥበት ስለሚይዝ ያዝገዋል።